ከስልክ ወደ ክፍል የሚገባውን ፀባይ መያዝ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መምህራንና ወላጆች የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ የክፍል ኃላፊ መምህራን፣ ለዩኒት መሪዎች፣ ለሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪዎችና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላት የተዘጋጀ ነው። ወንዶቹ ልጆች ማታ ከቲክቶክ፣ ከዩቲዩብና ከቴሌግራም የቃረሙትን ንግግርና አኳኋን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያራግፉት ምን እንደሚደረግ ያሳያል። ሥራው አንድ መንፈቀ ዓመት አይፈጅም፦ ሁለት ሳምንት መመዝገብ፣ ስድስት ሳምንት መሥራት፣ ከዚያ እንደገና ሁለት ሳምንት መመዝገብ። የሚያስፈልገው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሁለት ፈቃደኛ ጎልማሳ ወንዶችና ልጃገረዶቹ የሚያምኗት አንዲት መምህርት ናቸው።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ስልክ መንጠቅ ነው። በር ላይ መፈተሽ ለትምህርቱ ጸጥታ ይጠቅማል፤ ይቀጥል። ልጁ ግን የሚያየው ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ጠዋት ቃሉን በአፉ ይዞ ይገባል፤ አፍ ደግሞ በር ላይ አይፈተሽም። ክፍል ውስጥ የሚፈልገው የሚስቅለት ሰው ነው። ቪዲዮው በላይክ እንደሚኖር ሁሉ፣ የልጁም ንግግር የሚኖረው በኋላ ወንበር ሳቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ደረጃ ሁሉ የሚያነጣጥረው እዚያ ሳቅ ላይ ነው።

ነገሩ በየት በኩል ይገባል?

ልጁ «ሴት የሚያዋርድ ቪዲዮ» ብሎ አይፈልግም። የሚፈልገው ኳስ፣ ጂም፣ መኪና፣ ብር የሚገኝበትን መንገድ ነው። መተግበሪያው ደግሞ የትኛው ቪዲዮ ላይ እንደቆየ፣ የቱን እስከ መጨረሻ እንዳየ፣ የቱን ደጋግሞ እንዳጫወተ፣ የት ኮመንት እንደጻፈና የቱን ለጓደኛው እንደላከ ይቆጥራል። ተናዶ መሳደብም ኮመንት ነው። ጡንቻ ሲያሠራ የነበረው ሰውዬ ከጥቂት ቪዲዮ በኋላ «ሴት ብር እንጂ ፍቅር አታውቅም» ማለት ሲጀምር ልጁ ቶሎ ካላለፈው፣ ያንኑ የሚመስል ሌላ ይደረደርለታል።

የደብሊን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህን ለክተውታል። ወንድ ልጅ መስለው በቲክቶክና በዩቲዩብ ሾርትስ የከፈቷቸው አካውንቶች በሙሉ፣ ያን ዓይነት ይዘት ፈለጉም አልፈለጉም፣ በመጀመሪያዎቹ 23 ደቂቃዎች ውስጥ ቀርቦላቸዋል። አንድን ሰው ማገድም መፍትሔ እንዳልሆነ ሴቶችን በሚያዋርድ ንግግሩ በታወቀው በአንድሩ ቴት ታይቷል፤ በነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ቢታገድም፣ ክሊፑ በአድናቂዎቹ አካውንት መዞሩን ቀጥሏል።

ጥናቱ የውጭ አገር ቢሆንም የመተግበሪያው አሠራር ደሴ ሙጋድም ሆነ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጠገብ ያው ነው። እኛ ጋ የሚለዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ዳታ ውድ ስለሆነ አንዱ ልጅ በጥቅል ያወርድና በቴሌግራም ወይም ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያስተላልፈው በዜንደር ለሌሎች ያድላል፤ ስለዚህ «ልጄ ስልክ የለውም» የሚል ወላጅ ነፃ ነኝ ብሎ አይቀመጥ። በተጨማሪም ብዙ ቤት ስልኩ የጋራ ነው፤ አካውንቱ በአባት ወይም በታላቅ ወንድም ዕድሜ ስለተከፈተ መተግበሪያው ለልጆች ያዘጋጀው ጥበቃ በሙሉ አይሠራም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚበጠብጥ ልጅ ሁሉ ቲክቶክ ያበላሸው አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ሕፃናት ነበሩ። ሌሊት የማይተኛ፣ በር ሲመታ የሚደነግጥ፣ በትንሽ ነገር የሚገነፍል ልጅ ካለ ነገሩ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ከምሳ በኋላ ከጫት ቤት የሚመጣም አለ። እነዚህ የሚያስፈልጋቸው ሌላ እርዳታ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ።

አንደኛ ደረጃ፦ ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ መመዝገብ

ደብተሩን በአምስት ዓምድ አስምሩት፦ ቀንና ፔሬድ፣ ተናጋሪውና የተባለው ቃል እንዳለ፣ የተባለበት ሰው፣ ማን ሳቀ፣ ከዚያ ምን ሆነ። በስም ፋንታ የመቀመጫ ቁጥር ጻፉ። «ባለጌ ሆነ»፣ «ሥነ ሥርዓት የለውም» የሚል ጽሑፍ አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦

«ማክሰኞ፣ 4ኛ ፔሬድ፣ ሒሳብ። ተማሪዋ ሰሌዳ ላይ እየሠራች ሳለ ከኋላ አንዱ ‹ሰባት› አለ። ሌላው ‹ኧረ ስድስት ተኩል›። የኋላ ወንበር አራቱ፣ መስኮት በኩል ሁለቱ ሳቁ። ልጅቷ ጠመኔውን አስቀምጣ ሳትጨርስ ተቀመጠች።»

እዚህ ላይ ‹ሰባት› የጥያቄው መልስ አይደለም፤ ለልጅቷ መልክ የተሰጠ ማርክ ነው። መምህሩ መልስ እየገመቱ መስሎት «ልክ አይደለም፣ እንደገና አስቡ» ካለ ሳቁ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ነው፤ መምህርቷ ወደ ሰሌዳ ስትዞር የሚለቀቅ የቲክቶክ ድምፅ፣ በጣት የሚሰጥ ምልክት፣ «አልፋ» (የሁሉ የበላይ ወንድ)፣ «ሲግማ» (ለማንም የማይንበረከክ ወንድ) እየተባባሉ መጠራራት። ትርጉሙ ካልገባችሁ የሚኒ ሚዲያ ልጆችን ጠይቁ፤ «ይህ ድምፅ ምን ማለት ነው?» በሉ እንጂ «ማን ለቀቀው?» አትበሉ። ሁለተኛውን የጠየቀ መምህር ከዚያ ቀን ወዲያ ምንም አይነገረውም።

የተለመደው ስህተት የራስን ክፍለ ጊዜ ብቻ መመዝገብ ነው። አብዛኛው ነገር የሚፈጸመው በፔሬድ ቅያሪ፣ በውኃ ወረፋ፣ በፈረቃ መውጫ በር ላይና ባጃጅ በሚጠበቅበት ቦታ ነው። ቢያንስ ሦስት መምህራንና አንድ ጥበቃ አብረው ይመዝግቡ። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከአደጋ በቀር የተለየ እርምጃ አትውሰዱ፤ የወትሮውን አድርጉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታነቡ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ አራተኛውን ዓምድ ነው። ተናጋሪዎቹ ሁለት ወይም ሦስት፣ ሳቂዎቹ ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት ሆነው ይገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜም እነዚያው ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ በሦስት መክፈል

የተመዘገበውን በሦስት ክፈሉት። ፉገራና ሙድ መያዝ የመጀመሪያው ነው፤ አስተማሪው በቦታው ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ለከፋና ማዋረድ ነው፤ ማርክ መስጠት፣ መንገድ መዝጋት፣ የመምህርትን ትእዛዝ ሴት ስለሆነች ብቻ አለመቀበል። ይህ ወደ ዩኒት መሪና ወደ ወላጅ ይሄዳል። ሦስተኛው ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሳያስፈቅዱ መቅረጽና ማሰራጨት፣ ማስፈራራት፣ መንካት ነው፤ እሱ ከታች ለብቻው ተጽፏል። ድንበሩ ካምታታችሁ ከፍ ወዳለው ክፍል አስገቡት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ነገሩ በተባለበት ቅጽበት

ክፍሉ በሙሉ የሚማረው እዚህ ላይ ነው። ከ30 ሰከንድ አይለፍ፤ ከረዘመ መድረክ ይሆናል።

ንግግራችሁን አቁሙ። ሳትቸኩሉ ወደ ልጁ ወንበር ሂዱና አጠገቡ ቁሙ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ያደረገውን ብቻ ጥሩት፦ «ለልጅቷ ማርክ ሰጠህ። እዚህ ክፍል ሰው ላይ ማርክ አይሰጥም። ከክፍል በኋላ እንነጋገራለን።» ከዚያ ሳትጠብቁ ትምህርቱን ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ከነበረች «ሦስተኛው መስመር ላይ ነበርሽ፣ ቀጥዪ» በሏት። ተቀምጣ ከቀረች ድሉ የልጁ ሆነ ማለት ነው። አልችልም ካለች አታስገድዷት፤ በሚቀጥለው ቀን ተመልሳ ትሠራለች።

መባል የሌለባቸው አሉ። «ይህን ከቲክቶክ ነው ያመጣኸው!» ማለት ልጁን የዘመኑ ሰው፣ መምህሩን ፋራ ያደርጋል፤ የሰውየውን ስም ከጠራችሁ ደግሞ ያላዩትም ማታ ይፈልጉታል። ክርክር አትግጠሙ። «ሴት ለምን ከወንድ እኩል ትሆናለች?» የሚለው ጥያቄ 4ኛ ፔሬድ ላይ ሲመጣ መልስ ፈልጎ አይደለም፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሐሙስ ውይይቱ ላይ አምጣው» ብላችሁ እለፉ (ውይይቱ አምስተኛ ደረጃ ላይ ተጽፏል)። ማንበርከክና በጥፊ መምታትም የተከለከለ ከመሆኑ በተጨማሪ ሥራውን ያበላሻል፦ ቪዲዮው «ዓለም የጉልበት ናት» ሲለው የከረመ ልጅ፣ መምህሩም እንደዚያው ሲያምን ያየዋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የራሳችን አፍ ነው። «እንደ ሴት አታለቃቅስ»፣ «ሴታ ሴት»፣ «በሴት ተበለጥክ፣ አታፍርም?» የሚሉ ንግግሮች በመምህራን ዘንድ የተለመዱ ናቸው። ልጁ ማታ የሰማው ስብከት ይኸው ነው፤ ጠዋት ደግሞ ጋዋን የለበሰ ሰው ያጸድቅለታል። ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት መምህራን በስብሰባ እነዚህን ሦስት አባባሎች ለመተው ካልተስማሙ የቀረው ደረጃ ባይጀመር ይሻላል።

ጥቃቱ መምህርት ላይ ከሆነ ወንድ ባልደረባዋ እየሮጠ መጥቶ «ማን ነው መምህርቷን የተዳፈረ!» አይበል። በቅን ልብ ቢሆንም፣ ልጆቹ የሚያዩት እሷ ብቻዋን እንደማትችል ነው። መምህርቷ ራሷ ከላይ ያለውን ታደርጋለች፤ በሚቀጥለው ቀን ዩኒት መሪው ልጁን ጠርቶ «መምህርት በወሰነችው መሠረት» ብሎ ይጀምራል። ውሳኔው የእሷ፣ ፊርማው የትምህርት ቤቱ ይሁን።

አሁን ወደ ሳቂዎቹ። በዕረፍት ሰዓት አንድ በአንድ፣ ፈጽሞ በቡድን ሳይሆን፣ ጠርታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ምን አሳቀህ?» ከዚያ ዝም በሉ። ልጁ መጀመሪያ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ቀጥሎ «ምንም» ይላል፤ ዝምታው ከቀጠለ ብዙዎቹ «ሌሎቹ ስለሳቁ ነው» ይላሉ። ያን ካለ በቂ ነው፤ ስብከት አትጨምሩ፣ «እሺ፣ ሂድ» በሉት። በሌላ ጊዜ ሊስቅ ሲል ያ ዝምታ ትዝ ይለዋል። መቀመጫ ስትቀይሩም ተናጋሪውን ባለበት ተዉትና ቀድመው የሚስቁትን ሁለቱን ወደ ፊት አምጧቸው። ተናጋሪውን ፊት ካስቀመጣችሁት 60 ተመልካች ከጀርባው ታደርጉለታላችሁ።

አራተኛ ደረጃ፦ ልጃገረዶቹ

ከወንዶቹ ውይይት በፊት ይህ ይቅደም። ልጃገረዶቹ የሚያምኗት መምህርት ለብቻቸው ሰብስባ ሁለት ነገር ትጠይቅ፦ የት ቦታ ነው የምትሸሹት? በየትኛው ሰዓት? መልሱ በወረቀት ያለ ስም ይጻፍ። ከወረቀቱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ፣ የላይብረሪ ደረጃ፣ የመውጫው በር። በእነዚያ ቦታዎች በዕረፍትና በመውጫ ሰዓት ተረኛ መምህር ይቁም። የከሰዓት ፈረቃ ሲወጣ ደሴ ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱ ቶሎ ስለሚጨልም፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት በቡድን እንዲወጡ አድርጉ። «ቀሚስሽን አስረዝሚ»፣ «ዝም ብለሽ እለፊ» የሚል ምክር ከዚህ ስብሰባ አይውጣ።

አምስተኛ ደረጃ፦ የወንዶች ውይይት

በሳምንት አንድ ቀን፣ 40 ደቂቃ፣ ስድስት ጊዜ። ከ9 እስከ 12 ልጅ። አመራረጡ ላይ ተጠንቀቁ፦ ሲሶው ተናጋሪ፣ ሲሶው ሳቂ፣ ሲሶው ዝምተኛ ይሁን። ጥፋተኞቹን ብቻ ከሰበሰባችሁ ውይይቱ ማኅበራቸው ሆኖ ያርፋል። ቅጣት እንዳይመስል ሁሉም በደብዳቤ ይጠሩ። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሰላት ስላለ ቀኑን ሐሙስ አድርጉት።

መሪዎቹ ሁለት ወንዶች ናቸው። የስፖርት መምህር፣ የሰፈር ኳስ አሠልጣኝ ወይም የራሱ ጋራዥ ያለው ሰው ከሥነ ዜጋ መምህር የተሻለ ይሰማል፤ ልጆቹ «ወንድ ማለት» ብለው የሚያስቡት እሱን ነውና። አንደኛው አባት ቢሆን ይመረጣል። ሴት ልጅን «ቺክ» ብሎ የሚጠራ ጎልማሳ ግን፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ አይግባ።

የመጀመሪያው ቀን መተዋወቂያ ነው፤ እያንዳንዱ ትናንት ያየውን ሦስት ቪዲዮ ይናገራል፣ ማንም አይፈርድም። ሁለተኛው ቀን ክሊፕ መፍታት ስለሆነ ዘርዘር ይበል።

ክሊፑ ከ45 ሰከንድ አይብለጥ፤ ልጆቹ ቀድመው ያዩት ይሁን፤ እናንተ አዲስ ነገር እንዳታስተዋውቁ። ቀድሞ ወርዶ ኢንተርኔት በጠፋ ስልክ ይታይ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ አሳዩ፤ «ምን አያችሁ?» በሉ። መኪና፣ ሰዓት፣ ብርሃን፣ የተቆረጠ ፊልም ይላሉ። ቀጥሎ በድምፅ አሳዩ። ከዚያ አምስቱ ጥያቄዎች፦ የሚናገረው ማን ነው? በምን ይተዳደራል? በመጨረሻ ምን እንድታደርግ ይፈልጋል፣ ፎሎው፣ ጊፍት (ተመልካች በብር ገዝቶ የሚልከው ስጦታ)፣ ኮርስ መግዛት? የሚያወራባት ሴት መልስ የምትሰጥበት ቦታ አላት? መኪናው የራሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አየን? አራተኛው ጥያቄ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል፤ አትቸኩሉ። አንዱ «ግን እኮ እውነቱን ነው» ካለ «የቱ ነው እውነቱ? ዓረፍተ ነገሩን ድገምልን» በሉት። ዓረፍተ ነገሩ ከሙዚቃውና ከመኪናው ተለይቶ በልጁ በራሱ አፍ ሲነገር ክብደቱን ያጣል።

ሦስተኛው ቀን ስለ ብር ነው፤ ላይቭ ላይ ባትል (የጊፍት ፉክክር) ገጥሞ የሚሳደበው ሰው ስድቡ ለምን ጊፍት እንደሚያመጣለት፣ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ለምን እዚያው እንደሚገኝ። ልጆቹ ከመሪዎቹ በላይ ስለሚያውቁ ይናገሩ። አራተኛው ቀን እያንዳንዱ በሰፈሩ የሚከበር አንድ ወንድ ይመርጥና ለምን እንደሚከበር ሦስት ምክንያት ያመጣል። ወሎ ላይ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ በለቅሶ የሚቀድም፣ ቃሉ የሚታመን ሰው ነው የሚጠራው፤ ሴት በማዋረዱ የተከበረ ሰው በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው እስኪያዩት ጠብቁ። አምስተኛው ቀን ልጃገረዶቹ ያለ ስም ከጻፉት ውስጥ እነሱ የፈቀዱት ብቻ ይነበባል፤ ማን እንደጻፈው መገመት ከጀመሩ ወዲያው አቁሙ።

ስድስተኛው ልምምድ ነው። ጓደኛህ ማርክ ሲሰጥ ምን ትላለህ? «ተው ነውር ነው» ብሎ መገሠጽ ለ15 ዓመት ልጅ ይከብዳል። የሚቀለው አለመሳቅ ነው፤ ቀጥሎ «አቦ ተወና፣ ኳሱ ስንት ለስንት ወጣ?» ብሎ ወሬ መለወጥ። ሁለት ሁለት ሆነው ደጋግመው ይለማመዱት።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ስልኩ ላይ የሚሠራው

ይህ ከወላጅ ጋር፣ ልጁ ባለበት ይሠራል። ተደብቆ የልጅ ስልክ መበርበር አንድ ቀን ይሠራል፤ በማግስቱ ሁለተኛ አካውንት ይከፈታል።

ዕድሜውን አረጋግጡ። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ከ16 በታች ላለ ተጠቃሚ የግል መልእክት አይከፍትም። የ14 ዓመቱ ልጅ በቲክቶክ መልእክት የሚጻጻፍ ከሆነ አካውንቱ የተከፈተው በውሸት ዕድሜ ነው። በትክክለኛው ዕድሜ አዲስ መክፈት ይቀላል፤ ከ18 በታች ለሆነ በቀን የ60 ደቂቃ ገደብም አብሮ ይመጣል። ገደቡን ልጁ በኮድ ሊያልፈው ይችላል፤ ኮዱ በወላጅ እጅ እንዲሆን ቅንብር ውስጥ ባለው የቤተሰብ ማጣመሪያ የወላጅን ስልክ ከልጁ ጋር አገናኙ። የወላጁ ስልክ ላይም ቲክቶክ መኖር አለበት።

የሚመጣውን ይዘት ለማጽዳት ከፕሮፋይሉ ቀኝ ጥግ ያሉትን ሦስት መስመሮች ተጭናችሁ ወደ ቅንብር፣ ከዚያ ወደ ይዘት ምርጫ ግቡ፤ የቪዲዮውን አመጣጥ እንደ አዲስ የሚያስጀምር ትእዛዝ አለ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ የሚያየውን ካልለወጠ ያው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት መጥፎው ሲመጣ ቪዲዮው ላይ ጣት አሳርፎ ቆይቶ የተሰበረ ልብ ያለበትን ምልክት ይጫን። እዚያው ይዘት ምርጫ ውስጥ ቃላት ማገድ ይቻላል፤ የሚያጣራው ግን በጽሑፍና በሃሽታግ ያለውን ነው፤ አማርኛ ቃል በፊደል አጻጻፍ ስለሚለያይ (ሀ፣ ሐ፣ ኀ) ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ።

ዩቲዩብ ላይ የእይታ ታሪክን አጥፍታችሁ መመዝገቡንም አስቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የፊት ገጹ በራሱ ቪዲዮ መደርደሩን ያቆማል፣ ልጁ የፈለገውን ፈልጎ ያያል። ቴሌግራም ላይ ሁለት ነገር አለ፦ በግላዊነት ቅንብር ውስጥ «ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባኝ ይችላል» የሚለውን ልጁ በስልኩ ስማቸውን ለመዘገባቸው ሰዎች ብቻ ማድረግ፤ በዳታ ቅንብር ውስጥ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋት። ሁለተኛው ዳታም ስለሚቆጥብ ልጆቹ አይከራከሩም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ወላጅ

«ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» ማለት ብዙ ጊዜ ከፒያሳ በሻይ ዋጋ የተለመነ «አጎት» ያመጣል። በስልክ ደውሉ፤ ቁጥሩንም ከልጁ ሳይሆን ከመዝገብ ውሰዱ። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ በሽፍት የሚሠራ ወላጅ ጠዋት 2 ሰዓት ና ቢባል የቀን ደሞዙን ያጣል፤ ሰዓቱን እሱ ይምረጥ። እናቱ ዓረብ አገር ሆና አያቱ ጋ የሚኖር ልጅም ብዙ ነው፤ ስልኩንም የላከችው እሷ ናት። አያትየውን በቴክኒክ አታስጨንቋቸው፤ እናትየው በድምፅ መልእክት እንድታነጋግረው ጠይቁ።

ንግግሩ በበጎ ይጀመር፦ «እትዬ፣ ልጅዎ በሒሳብ ጎበዝ ነው። አንድ ነገር ግን አብረን እንድናስተካክል ብዬ ነው የደወልኩ።» ከዚያ ከደብተሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዳለ አንብቡ። «ልጅዎ ባለጌ ነው» ያለ መምህር ዱላ ነው የሚያስመዝዘው። ከወላጅ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ ሳሎን አንድ ቦታ ቻርጅ ላይ ይደር። የአባት ስልክ አልጋ ላይ ካደረ ደንቡ ሳምንት አይቆይም።

ወንጀል ሲሆን

የተማሪ እርቃን ፎቶ፣ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራም ቢሆን፣ ወይም ማስፈራሪያ ከተገኘ ነገሩ ከትምህርት ቤቱ እጅ ወጥቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማስፈራራትንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የብልግና ምስል ይመለከታል፤ የልጆቹን ምስል ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን ይዞ መገኘትም ያስጠይቃል። ስለዚህ «ለማስረጃ» ብላችሁ ፎቶውን ወደ ስልካችሁ አታስልኩ፣ በመምህራን ግሩፕም አትልቀቁ። ስልኩን አጥፍታችሁ ወላጅ ባለበት በፖስታ አሽጉ፤ የላኪውን አካውንት ስም፣ ቀንና ሰዓት በወረቀት ጻፉ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል አስረክቡ። ለልጅቷ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚነግረው ሰው ሴት ይሁን። ሽምግልና ይምጣ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሽማግሌ ቤተሰብ ያስታርቅ ይሆናል፣ የተሰራጨ ፎቶ ግን አይመልስም፤ ክሱን አያስቆም።

መልሶ መመዝገብ

ስድስተኛው ውይይት ካለቀ በኋላ ያንኑ ደብተር፣ ያንኑ አምስት ዓምድ፣ በእነዚያው መምህራን ለሁለት ሳምንት ሙሉ። ያለዚያ ማወዳደር አይቻልም። የተናጋሪዎቹ ቁጥር ባይቀንስም የሳቂዎቹ ከቀነሰ ሥራው እየያዘ ነው፤ ተናጋሪው ተከትሎ ይመጣል። ሁለቱም ካልቀነሱ መጀመሪያ የመምህራኑን አፍ፣ ቀጥሎ መቀመጫውን አጣሩ፤ ውይይቱን መድገም መጨረሻ ላይ ነው። ነገሩ ከክፍል ወጥቶ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ከተዛወረ፣ ልጃገረዶቹን የሰበሰበችው መምህርት አራተኛውን ደረጃ እንደገና ትጀምር።

ደብተሩ በተቆለፈ መሳቢያ ይቀመጥ። ሰኔ ላይ የክፍሉን ማጠቃለያ ብቻ ለሚቀጥለው ዓመት ኃላፊ አስተላልፉ፤ የመቀመጫ ቁጥር ያለባቸውን ገጾች ገንጥላችሁ አቃጥሏቸው፤ መስከረም ላይ ልጁ ከነቁጥሩ ታውቆ መግባት የለበትም።